ኢትዮጵያ የተባለችው ዐለት

በጥቅምት ወር አንድ ምሽት ከወጣቶች ጸሎት ወጥተን በሸዋ በር በኩል ወደየቤታችን እናዘግም ነበር። መብራት ጠፍቷል። የጉሊት ሴቶች ዕቃቸውን ሸክፈው ሄደዋል፤ አንዲት እናት ብቻ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው በኩራዝ ብርሃን የተረፋቸውን ኦቾሎኒ ወደ ከረጢት ይመልሳሉ። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም እናማርራለን፤ ሰማዩ የሚታየን ግን ያን ጊዜ ነው። ከልጆቹ አንዱ ቆም ብሎ ሽቅብ እያየ “ጋሼ፣ ኢትዮጵያ የሚባል ኮከብ አለ ይላሉ፤ እውነት ነው?” አለኝ። እኔ ሳልመልስ አንዲት እህት ቀደመችኝ፦ “አለ! ያውም ትንቢት ነው ሲባል ሰምቻለሁ።”

ያን ምሽት የሰጠኋቸው መልስ ግማሽ ነበር። “ኮከብ አይደለም፤ ድንጋይ ነው” ብዬ አለፍኩ። ልጅቷ ቅር እንዳላት ጨለማው ውስጥም ቢሆን ገብቶኛል። ድንጋይ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ድንጋዩ ማን አገኘው፣ የት ሆኖ አገኘው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መቼ አገኘው የሚለው ታሪክ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፍ አልነበረም። ይህን የምጽፈው የቀረብኝን ግማሽ ዕዳ ለመክፈል ነው።

ከነገሩ መሠረት እንነሣ። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ሰፊ ቦታ ፀሐይን የሚዞሩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ዐለቶች አሉ፤ አስትሮይድ ይባላሉ። አብዛኞቹ እንደ መቀነት ፀሐይን ዙሪያዋን በከበበ ስፍራ ስለሚገኙ ስፍራው ዋናው የአስትሮይድ መቀነት ተባለ። የመጀመሪያዋን ያገኙት ጁዜፔ ፒያዚ የተባሉ ጣልያናዊ ቄስ ናቸው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1801፣ ቦታው በሲሲሊ ደሴት የፓሌርሞ ከተማ ነው። ቄሱ የከዋክብትን ቦታ በመዝገብ ሲያሰፍሩ አንዲት ነጥብ በማግስቱ ከትናንት ቦታዋ ፈቀቅ ብላ አገኟት። ከዋክብት እርስ በርስ ያላቸውን ቦታ በአንድ ሌሊት አይለውጡም፤ የምትንቀሳቀስ ከሆነች ኮከብ አይደለችም። ሴሬስ ብለው ጠሯት። ጥቂት ሳምንት ከተከታተሏት በኋላ ታመሙ፤ ነጥቧም በፀሐይ ብርሃን ተሸፍና ጠፋች። ካርል ጋውስ የተባለ የ24 ዓመት ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ በዚያች አጭር ክትትል ላይ ተመሥርቶ መንገዷን አስልቶ የት እንደምትገኝ ተናገረ፤ በዓመቱ መጨረሻ እዚያው ተገኘች።

ጣልያንን በጦሩ ብቻ ለምናውቅ ለእኛ ይህንንም ማወቅ ይበጃል።

ከዚያ በኋላ አስትሮይድ ፍለጋው ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል በአውሮፓ ሰዎች ዓይንና ትዕግሥት ቀጠለ። በ1891 እ.ኤ.አ. ማክስ ቮልፍ የተባለ ጀርመናዊ ካሜራን ለዚህ ሥራ ሲያውል ነገሩ ተቀየረ። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አስትሮይዶች ይታወቃሉ። ሁሉም ተሰብስበው ቢጋገሩ ግን ጨረቃችንን እንኳ አያክሉም፤ ከጨረቃ ክብደት ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ቢሆኑ ነው።

አሁን ወደ ጆሃንስበርግ እንሂድ። ከከተማዋ ኮረብቶች በአንዱ ላይ፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ (ከሐረራችን ብዙም አይለይም) ዩኒየን ኦብዘርቫቶሪ የሚባል የከዋክብት መመልከቻ ነበር። ከፀሐያችን ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነችውን ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪን፣ ሮበርት ኢነስ በ1915 እ.ኤ.አ. ያገኛት ከዚህ ነው። በዚሁ ስፍራ ሲሪል ጃክሰን የሚባል ሰው ይሠራ ነበር። በ1903 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ተወልዶ ገና በልጅነቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ሰው ነው። በዘመኑ 72 አስትሮይዶችን እንዳገኘ ተመዝግቦለታል፤ ስሙን የያዙ ጅራታም ከዋክብትም አሉ።

የጃክሰን ሥራ ከውጭ ሲታይ አሰልቺ ነው። ቀን እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ወረቀት ያገላብጣል፤ ሌሊት ብርሃን የሚቀበል ቅባት የተቀባ መስታወት ካሜራው ውስጥ ያስገባና አንዱን የሰማይ ክፍል ለረጅም ጊዜ ያነሣል። ቆይቶ ወይም በሌላ ሌሊት ያንኑ ክፍል እንደገና ያነሣል። ሁለቱ መስታወቶች ታጥበው ሲደርቁ እያፈራረቀ በሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ሥር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ዓይኑ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን ያያል። በሺህ የሚቆጠሩት ነጥቦች ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። በመካከላቸው ግን አንዲት ነጥብ ወዲህ ወዲያ ትዘላለች። የሚፈለገው ያችኑ ነው።

እሑድ ሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ነሐሴ 1 ቀን 1937፣ ጃክሰን እንዲህ ያለች ነጥብ አገኘ። መጀመሪያ የተሰጣት ስም 1937 ፒጂ የሚል ነው። እንደ ታርጋ ቁጥር ቁጠሩት፦ “ፒ” የነሐሴን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ “ጂ” ደግሞ በዚያ አጋማሽ ሰባተኛ ሆና መመዝገቧን ይነግራል። ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ምሕዋሯ በሚገባ ተሰልቶ፣ ዳግመኛ ስትመጣ የት እንደምትታይ እርግጠኛ ሲኮን ነው። ቁጥሯ 1432 ሆነ። የማውጣት መብት ያለው አግኚው ነውና ስም ወጣላት፦ ኢትዮጵያ።

እስቲ ቀኑን ደግማችሁ ተመልከቱት። ሐምሌ 1929።

ያ ክረምት በአገራችን ላይ ምን ዓይነት ክረምት እንደነበረ ለማስታወስ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ ግን ዝም ብሎም አይታለፍ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ለሦስት ቀን በአካፋ፣ በጩቤና በእሳት ከተጨፈጨፈበት ከየካቲት 12 ገና አምስት ወር ከምናምን ነው። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግፍ ከተረሸኑበት ከግንቦት 13 ሁለት ወር ከዐሥር ቀን ያህል ነው። አርበኛው በየጫካው ነው። በዚያው ክረምት ማብቂያ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና በላስታ ተነሡ፤ መስከረም 1930 ላይ ተገደሉ።

ሐረርም የራሷን ጽዋ ቀድማ ጠጥታለች። ጦር የማይገኝባት ክፍት ከተማ መሆኗ ለዓለም ታውጆ ሳለ፣ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደበደቧት፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው ሆስፒታሎች እንኳ አልተረፉም። ሚያዝያ 30 ቀን የግራዚያኒ ጦር ገባ። ዛሬ ቲማቲምና ቃሪያ የምንገዛበት የሸዋ በር ገበያ ያን ሁሉ በዓይኑ አይቷል ማለት ይቻላል። በሩ ስሙን ያገኘው ወደ ሸዋ ከሚወስደው መንገድ ነው፤ በሐረሪ ቋንቋ አስማዲን በሪ ይሉታል። አንድ በር ነው፣ ስሙ ግን እንደ ጠሪው ነው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ካርታውን ሲያስተካክል ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ቀላቅሎ “የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ” አላት። ከዚያም በየክፍሉ ሸነሸናት፤ ሐረር የአንዱ ክፍል መጠሪያ ሆነች። ብዙዎቻችን “ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ስም ጠፍቶ ነበር” ስንል እንሰማለን። እውነቱ ግን ከዚያ የከፋ ነው። ስሙ አልጠፋም፤ ተወሰደ። የሮማው ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሦስተኛ “የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት” ተባለ። አገሪቱ ከካርታ ላይ ወርዳ ስሟ በሌላ ሰው ማዕረግ ላይ ተሰፋ።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ አንድ እንግሊዛዊ ተወላጅ አንዲት ዐለት ያገኘው። የዐለቷም ስም ኢትዮጵያ ሆነ፤ አንባቢው ልቡ ቢሞቅ አልፈርድበትም። የእኔም ሞቆ ነበር። መጀመሪያ ቀኑን ሳየው ጃክሰን ሆን ብሎ፣ ለተገፋችው አገር አዝኖ ያደረገው መስሎኝ ለወጣቶች ጉባኤ ስብከት ልሠራበት ሁሉ አስቤ ነበር። ከዚያ የስሙን ማብራሪያ አነበብኩ። የአፍሪካዊቷ አገር ስም ነው ከማለት አያልፍም። የጃክሰንን ሌሎች ግኝቶች ስም ዝርዝር ስመለከት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጠራልኝ። ሰውዬው ለዓመታት ለዐለቶቹ የአፍሪካን ስሞች ሲያወጣ ኖሯል፦ አፍሪካ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሊቢያ፣ ሞምባሳ፣ ፔምባ፤ ከወንዝ ቱጌላ፣ ከአበባ ዲሳ፣ ከእንስሳ ኢምፓላ። ሳባ የምትባልም አለች፤ በ1931 እ.ኤ.አ. የተገኘች። ኢትዮጵያ በዚህ ረጅም ሰልፍ ውስጥ ተራዋ ደርሶ የገባች ናት። የተቃውሞ ሰልፍ አልነበረም።

ለሐረር ሰው አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከኢትዮጵያ በፊት፣ በዚያው በ1937 እ.ኤ.አ. በሐምሌ፣ ጃክሰን ሌላ ዐለት አግኝቶ ነበር። በመዝገቡ ላይ ተራ ቁጥሩ እንዲህ ይላል፦ 1430 ሶማሊያ፣ 1431 ሉዋንዳ፣ 1432 ኢትዮጵያ። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የመድፍ ድምፅ እየሰሙ ያደጉ የከተማችን አባቶች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ። በመካከል አንድ አስታራቂ ተቀምጧል።

ይሁን እንጂ “እንዲያው ስም ነው” ብሎ መዝጋትም ሌላ ስሕተት ይሆናል። ስሙ የወጣበት ምድር ደቡብ አፍሪካ ነውና። እዚያ አገር “ኢትዮጵያ” የሚለው ቃል በ1937 ተራ ቃል አልነበረም።

ከጆሃንስበርግ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በፕሪቶሪያ፣ በ1892 እ.ኤ.አ. ማንጌና ሞኮኔ የተባሉ ጥቁር የዌስሊያን ቄስ ያገለግሉበት ከነበረው ማኅበር ወጡ። የወጡበት ምክንያት ነጮቹና ጥቁሮቹ አገልጋዮች በአንድ ጉባኤ እንዳይቀመጡ መለየታቸው፣ በአንድ ጌታ ስም እየተጠሩ በሁለት ሚዛን መመዘናቸው ነው። አዲስ ያቋቋሟትን ቤተ ክርስቲያን “የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን” አሏት። ስሙን የወሰዱት ሁላችን በቃላችን ከምናውቀው ከመዝሙር 68 ቁጥር 31 ነው። ዓመቱን ልብ በሉ፤ ከዓድዋ ድል አራት ዓመት በፊት ነው። ስለ እኛ ጦር ገና አልሰሙም። ከመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ላይ አንብበው፣ የተናቀ አፍሪካዊ እጁን ወደ አምላኩ ሊዘረጋ ይችላል የሚለውን ብቻ ይዘው ነው ስሟን የወሰዱት። ከእርሳቸው በኋላ በደቡብ አፍሪካ በነጻነት የቆሙ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት “ኢትዮጵያውያን” ተባሉ፤ የነጮቹ መንግሥትም ይህን ስም በሥጋት ያዳምጠው ነበር።

ጃክሰን ዐለቷን ሲያገኝ፣ በዚያው ምድር ስሟ በጥቁሮች ሰፈር በየእሑዱ ይጠራ ነበር ማለት ነው። የጃክሰን መንግሥት ግን ሁለት ፊት ነበረው። በ1928 ዓ.ም. ክረምት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ አቤት ባሉበት ጉባኤ፣ በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዳይነሣ ከተናገሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ የደቡብ አፍሪካው ቻርልስ ቴ ዋተር ነው። ታላላቆቹ ዝም ሲሉ እርሱ ተናገረ። በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ. ግን የዚሁ አገር ፓርላማ የኬፕ ጥቁሮችን ከጋራው የመራጮች መዝገብ የሚያስወጣ ሕግ አወጣ። ለሩቁ ጥቁር ፍትሕ እየጠየቁ የቅርቡን ጥቁር ድምፅ መንጠቅ ይቻላል፤ ተደርጓልና።

በጃክሰን የስም ዝርዝር ላይም ይኸው መደባለቅ ይታያል። ቦታ የቦር ጄኔራልና የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ስም ነው፤ ቁጥር 1354። ከአጠገቡ 1355 ላይ ማጎኤባ አለ፤ መሬቴን አልለቅም በማለቱ በ1895 እ.ኤ.አ. አንገቱ የተቆረጠ የሰሜን ትራንስቫል ባላባት። ቻካ አለ፣ ካማ አለ፣ ጋይካ አለ። ገዢውም ተገዢውም፣ ገዳዩም ተገዳዩም በአንድ መቀነት ላይ በየተራ ቁጥራቸው ይዞራሉ። እኔ በበኩሌ ከስብከቱ ሐሳብ ይልቅ ይህን ባየሁ ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

ስለ ዐለቷ ራሷ የሚባለው ብዙ አይደለም። ስፋቷ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጀጎልን ሰባት ጊዜ በአንድ ረድፍ ብትደረድሩት ከዳር እስከ ዳር የዚያን ያህል ይሆናል። የተሠራችው ከድንጋይ ነው። በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመሽከርከር 10 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል፤ ቀንና ሌሊቷ ከእኛ ግማሽ አይሞላም። መንገዷ ሞላላ ስለሆነ ለፀሐይ ስትቀርብ በ270 ሚሊዮን፣ ስትርቅ በ440 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ትገኛለች። አንድ ዙር ለመጨረስ 3 ዓመት ከ8 ወር ይወስድባታል።

ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ሳነብ እጄ ወደ እርሳስ ሄደ። ከሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ.ም. ተነሥቼ 3 ዓመት ከ8 ወር ጨመርኩ። መጋቢት መጨረሻ 1933 ላይ አረፈ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ሐረር ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ የናይጄሪያ ወታደሮች ያሉበት የእንግሊዝ ጦር ገብቶ። ከሦስት ቀን በኋላ ድሬዳዋ የገቡት ደግሞ ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው። በመጋቢት መጨረሻ አዲስ አበባ ተለቀቀች፤ ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ ገቡ። ዐለቷ ከተገኘችበት የምሕዋሯ ነጥብ ተነሥታ የመጀመሪያ ዙሯን የጨረሰችው በሐረርና በአዲስ አበባ ነጻ መውጣት መካከል ባሉት ቀናት ገደማ ነው።

ከዚህ ላይ እጄን ሰበሰብኩ። ዐለቷ ስም እንዳላት አታውቅም። ጣልያን ዐሥር ዓመት ቢቆይም በ3 ዓመት ከ8 ወር ትዞር ነበር፤ ከፍጥረት ሕግ በቀር የምትሰማው የለም። አገር ነጻ የወጣው በየበረሃው ደሙን ባፈሰሰው አርበኛ፣ ስንቅ ባቀበለችው እናት፣ ከናይጄሪያና ከደቡብ አፍሪካ ድረስ መጥቶ በማያውቀው ተራራ ላይ በወደቀው ወታደር ነው። ትንቢት ፈልጎ ሰማይን የሚያይ ሰው እነዚህን ይረሳል ብዬ እፈራለሁ። ስሌቱ ግን ስሌት ነውና አልደበቅኋችሁም።

በቀጣዩ ሳምንት ለወጣቶቹ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ልጅቷ እስክጨርስ በጸጥታ አዳመጠችና “ታዲያ ትታያለች?” አለችኝ። በዓይን አትታይም። ሸዋ በር ላይ በጣም በጨለመ ሌሊት ከምናያቸው ደብዛዛ ከዋክብት እንኳ በብዙ እጥፍ የደበዘዘች ናት። እንጦጦ ተራራ ላይ ባሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ዓይነት ግን ቦታዋን ለሚያውቅ ሰው አትከብድም። የጃክሰን መመልከቻ ራሱ ተዘግቷል፤ የጆሃንስበርግ መብራት እየበዛ ሰማዩን ሲጋርድበት ቆይቶ በ1971 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቆመ።

“እስካሁን ስንት ጊዜ ዞረች?” አለ የመጀመሪያው ጠያቂ። ልጆቹ በስልካቸው ሒሳብ ማስላት ጀመሩ። 24 ጊዜ ያህል የሚለውን ቀድማ ያወጣችው ያችው ልጅ ናት። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ 1430፣ 1431፣ 1432 ብላ በተራ ጻፈች፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብም ስሙን።